ሩጫውን ተዉት፣ አቋቋሙን እዩ፦ ባለ መድረክ የፍልሚያ ጨዋታ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከዳንግላ መጥቶ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ሰነበተ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ሌላ ሥራ የለውም፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። አንድ ማለዳ ስልኩ ላይ አራት የጨዋታ ስሞች (ሜሌ፣ አልቲሜት፣ ሪቫልስና ብራውልሃላ) ጽፎ አሳየኝና "ጋሼ፣ ከእነዚህ የትኛውን ልልመድ?" አለኝ። የቡና ስኒዬን ሳላስቀምጥ "ፈጣኑን ምረጥ" ብዬ መለስኩለት። ሜሌን ይዞ ሁለት ሳምንት ከላፕቶፑ ጋር ታገለ። ከዚያ ቀርቤ ስመለከተው ባላንጣው ሳይነካው በገዛ ሩጫው ከመድረኩ ጫፍ እየወደቀ ነው። ከሞቶቹ አብዛኞቹን ያመጣው ራሱ ነበር። ምክሩ የእኔ ስለሆነ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ያን ማለዳ መመለስ የነበረብኝ መልስ ነው።

ለማያውቋቸው በአጭሩ፦ በእነዚህ ጨዋታዎች የሚያሸንፈው ባላንጣውን በአየር ላይ ከተንሳፈፈ መድረክ ገፍቶ የሚጥል ነው። የተመታ ገጸ ባሕርይ ጉዳቱ በተጠራቀመ ቁጥር የሚቀጥለው ምት ይበልጥ አርቆ ይወረውረዋል። ስለዚህ ከምት ይልቅ የቆሙበት ቦታ ዋጋ አለው፤ ቦታ ደግሞ በእንቅስቃሴ ይያዛል። መራጩ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በማስታወቂያው ቪዲዮ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ይዘልላል፣ ሁሉም ይንሸራተታል። ልዩነቱ የሚገለጠው ሩጫ ጀምራችሁ ሐሳብ ስትቀይሩ ነው።

መመዘኛዎቹ

የገጸ ባሕርያት ብዛት፣ የሥዕሉ ውበትና የሙዚቃው ጥራት ከመመዘኛዎቼ ውስጥ የሉም። ሁሉንም የምለካው በአንድ መስፈሪያ ነው። አራቱም ጨዋታዎች በሰከንድ 60 ምስሎች እንዲያሳዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ ዕድሜውም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ የዓይን ጥቅሻ ቢያንስ ስድስት ፍሬም ይፈጃል ብላችሁ ብታስቡ መስፈሪያው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባችኋል።

አንደኛውና ከሁሉ የሚበልጥብኝ መመዘኛ አቋቋም ነው። (የደብተራውን አቋቋም ማለቴ አይደለም፤ እግርን በልክ ማንሣትና መጣል ግን ከዚያም የሚቀዳ ነው።) ገጸ ባሕርዩ መሮጥ ከጀመረ በኋላ መቼ መቆም ይችላል? መዞር፣ መምታት፣ መከላከልስ? ጎበዝ ባላንጣ የሚያደባው ሐሳባችሁን መቀየር ለማትችሉባት ቅጽበት ነው። ፈጣን ሆኖ መቆም የማይችል ገጸ ባሕርይ ይዞ መግባት ከቤዛዊት ቁልቁለት ፍሬን በሌለው ብስክሌት እንደ መውረድ ነው፤ ፍጥነቱ አለ፣ የሚያዝዘው ግን እናንተ አይደላችሁም።

ሁለተኛው የማረፊያ ዋጋ ነው። ከአየር ላይ መትቶ መሬት የነካ ገጸ ባሕርይ ለጥቂት ፍሬሞች ደርቆ ይቆማል። ይህ ድርቀት ምን ያህል እንደሚረዝምና ተጫዋቹ ሊያሳጥረው ይችል እንደሆነ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል። ሦስተኛው መመለሻ ነው፤ ከመድረክ ውጭ የተወረወረ በስንት መንገድ ይመለሳል?

አራተኛው ጣትና ዕቃ ነው። እዚህ ላይ በአንድ ገጠመኝ ልቆይ። ፖሊ ግቢ አካባቢ በአንድ የጌም ቤት ለሰዓት እየከፈልኩ ስጫወት ዝላዬ ሁሉ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። "እጄ አርጅቷል" ብዬ አምኜ ልተወው ደርሼ ነበር። በኋላ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ስከፍት ምስል የማሳመሪያ ሥራዎቹ ሁሉ በርተዋል፤ የጨዋታ ሁነታ የሚባለው ግን ጠፍቷል። ቴሌቪዥኑ እያንዳንዱን ምስል አሳምሮ እስኪያወጣ እኔ ከባላንጣዬ ኋላ እቀር ነበር። ያንን አንድ ነገር ሳበራ እጄ ከእርጅና ተመለሰ። ማንኛውንም ጨዋታ በቴሌቪዥን ከመሞከራችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ፤ ካልሆነ የምትመዝኑት ቴሌቪዥኑን ነው።

አምስተኛው ርቀት ነው። ባላንጣችሁ ፍራንክፈርት ተቀምጧል እንበል። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ይኸውም 3 ፍሬም ነው። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ተጠማዝዞ ወደ ባሕር ወርዶ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ይህን የትኛውም የኢንተርኔት ጥቅል አይሽረውም። ልዩነት የሚያመጣው ጨዋታው መዘግየቱን የሚይዝበት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ የባላንጣ ትእዛዝ እስኪደርስ የእናንተንም ማቆየት ነው፤ ቁልፉ እንደ ጭቃ ይከብዳል። ሌላው "ሮልባክ" የሚባለው ነው። የእናንተን ትእዛዝ ወዲያው ይፈጽማል፣ ባላንጣው ሲያደርግ የነበረውን ይቀጥላል ብሎ ይገምታል፣ ግምቱ ሲስት ጨዋታውን ጥቂት ፍሬም ወደ ኋላ መልሶ ያርማል። ባላንጣችሁ አልፎ አልፎ ዘልሎ ሌላ ቦታ ሲታይ ታያላችሁ፤ የራሳችሁ እግር ግን የራሳችሁ ሆኖ ይቆያል። እንቅስቃሴ ለሚለማመድ ሰው ሁለተኛው ይሻላል።

ሜሌ፦ መቆምን ጥበብ ያደረገው

ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ በ2001 ለኒንቴንዶ ጌምኪዩብ የወጣ ነው። ከአክስቴ ልጅ በዕድሜ ይበልጣል። ዛሬም የሚጫወቱት በናፍቆት ብቻ የሚመስለው ሰው ጆይስቲኩን ጨብጦ አያውቅም።

ሁለት ነገሮቹን ልዘርዝር። የመጀመሪያው ዳሽ ዳንስ ነው። ገጸ ባሕርዩ ሲወነጨፍ የመጀመሪያዋ ውንጨፋ ሳታልቅ ወደ ኋላ መዞር ይችላል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ፊት። ጉግስ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፈረሰኛው የሚጠጋው ሁልጊዜ ለመውጋት አይደለም፤ ባላንጣው ዘንጉን እንዲወረውር ያስጎመጀውና ፈረሱን ይመልሳል፤ ዘንጉ ባዶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያን ጊዜ ይገባበታል። ዳሽ ዳንስም እንዲሁ ነው፤ ባላንጣው ባዶ አየር መትቶ እስኪደርቅ በመምቻው ርቀት ድንበር ላይ ይመላለሳል። ይህ ግን ለመጀመሪያዋ ውንጨፋ ብቻ ነው። ወደ ሙሉ ሩጫ ከተሸጋገራችሁ መዞር ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሩጫውን በጋሻ፣ በማጎንበስ ወይም በዝላይ መስበር አለባችሁ።

ሁለተኛው ዌቭዳሽ ነው። ዘልላችሁ እግራችሁ ከመሬት እንደ ተነሣ የአየር ማምለጫውን (አየር ላይ ሳሉ ከምት ለቅጽበት የሚያሸሸውን ትእዛዝ) ሰያፍ ወደ መሬት ታዝዛላችሁ። ገጸ ባሕርዩ ወዲያው ያርፋል፤ የማምለጫው ግፊት ግን ስለማይጠፋ መሬት ለመሬት ይንሸራተታል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ካነሣ በኋላም ደንገሉ ውኃው ላይ መንሸራተቱን ይቀጥላል፤ ያ ማለት ነው። ያረፈበት ድርቀት 10 ፍሬም ሲሆን ከዚያ በኋላ ገጸ ባሕርዩ እየተንሸራተተም እንደ ቆመ ይቆጠራል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ባላንጣው እንዳዞረ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እየሸሸም ይመታል። ሩጫ ይህን አይፈቅድም፤ የሚሮጥ ፊቱን ወደሚሮጥበት ያዞራል። የመንሸራተቻው ርዝመት ገጸ ባሕርዩ መሬቱን በሚይዝበት ጥንካሬ ይወሰናል፤ ሉዊጂ እግሩ መሬት ስለማይቆነጥጥ ከሁሉም አርቆ ይንሸራተታል።

አሁን ሂሳቡ። ከዝላይ በፊት ያለው የመንደርደሪያ ጊዜ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይለያያል፤ ፎክስ 3 ፍሬም፣ ባውዘር 8 ፍሬም። አጭር ዝላይ የሚፈልግ ሰው መንደርደሪያው ሳያልቅ ጣቱን ከቁልፉ ማንሣት አለበት፤ ለፎክስ ይህ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። በአየር ምት ሲያርፉ የሚመጣውን ድርቀት በግማሽ ለመቀነስ መሬት ከመንካት በፊት ባሉት 7 ፍሬሞች ውስጥ የጋሻውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ይህ በእያንዳንዱ ማረፊያ፣ በየጨዋታው፣ ሳይረሳ ነው። ቀድማችሁ የጫናችሁትን ቁልፍም አይጠብቅላችሁም ማለት ይቻላል፤ ገጸ ባሕርዩ ደርቆ ሳለ ካዘዛችሁ ትእዛዙ ይጠፋል። የአየር ማምለጫውን ከመድረክ ውጭ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ጫፉን ካልያዛችሁ በቀር እስክትወድቁ ድረስ ምንም ማድረግ አትችሉም። መቆምን ያስተማረ ጨዋታ ስህተትን በጥሬ ገንዘብ ያስከፍላል።

ኪቦርድ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሜሌ የተሠራው በዘንግ ለሚታዘዝ ጆይስቲክ ነው። ዘንጉን ቀስ አድርጎ ማዘንበል ያራምዳል፤ ፈጥኖ መግፋት ያስወነጭፋል። ኪቦርድ ቀስ ማለት አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ሲጫን ሙሉ በሙሉ ነው። ተጨማሪ ማለዘቢያ ቁልፍ ካልተመደበ በስተቀር እያንዳንዱ እርምጃ ውንጨፋ ይሆናል፤ የዌቭዳሹ ሰያፍም በ45 ዲግሪ ይታሰርና ያጥራል። የአክስቴን ልጅ ወደ ጫፍ ይገፋው የነበረው አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛውን በመጨረሻ እመጣበታለሁ።

በርቀት ለመጫወት ስሊፒ የሚባል ሥርዓት በ2020 ሮልባክን ለሜሌ አምጥቷል። ዶልፊን በሚባል የጌምኪዩብ ጨዋታዎችን በሚያስኬድ ፕሮግራም አማካይነት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ጨዋታው ራሱ ግን አብሮት አይመጣም፤ ከራሳችሁ ዲስክ የተቀዳ መሆን አለበት። ያ ዲስክ በባሕር ዳር ሱቆች ሲሸጥ እኔ አይቼ አላውቅም። ለብዙ ሰዓት የሚለማመዱ ደግሞ የእጅ አንጓቸውን ያሳርፉ፤ በሜሌ ተጫዋቾች ዘንድ የእጅ ሕመም የታወቀ ጣጣ ነው።

አልቲሜት፦ ይቅር ባዩ

ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት በታኅሣሥ 2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ለኒንቴንዶ ስዊች ወጣ። በሜሌና በእሱ መካከል ሁለት ትውልዶች አሉ። በ2008 የወጣው ብሮል የተመራውን የአየር ማምለጫ አስወግዶ ዌቭዳሽን ከነሥሩ ነቀለው፤ ይባስ ብሎ ገጸ ባሕርዩ ሲወነጨፍ አንዳንድ ጊዜ በዕጣ ተደናቅፎ እንዲወድቅ አደረገ። ተጫዋቹ ምንም ሳያጠፋ! እንዲህ ያለ ውሳኔ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደጸደቀ አስቤ አልጨርሰውም። መደናቀፉ በቀጣዩ በ2014ቱ ጨዋታ ቀረ።

አልቲሜት ለአቋቋም የሰጠው መልስ ከሜሌ ይለያል። ከሙሉ ሩጫ ላይ ዘንጉን ለቅቆ ማንኛውንም የመሬት ምት መምታት ይቻላል። ለመቆም ዌቭዳሽ መማር አያስፈልግም ማለት ነው፤ ሜሌ በልምምድ የሚያስገኘውን ጥቂቱን አልቲሜት በነጻ ሰጠ። የተመራው የአየር ማምለጫ ተመልሷል፤ ነገር ግን ማረፊያው ረጅም ስለሆነ በእሱ መንሸራተት አያዋጣም። ዳሽ ዳንስም አለ፤ እንደ ሜሌ ልቅ አይደለም። የዝላይ መንደርደሪያው ለሁሉም 3 ፍሬም ነው፤ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይነሣል። ዝላይና ምት አንድ ላይ ሲጫኑ አጭሩ ዝላይ ከነምቱ በራሱ ይመጣል። የማረፊያ ድርቀትን በቁልፍ ማሳጠር የሚባል የለም።

ከሁሉም ለጀማሪ የሚለየው ግን ትእዛዝ መያዙ ነው። እስከ 9 ፍሬም፣ ማለትም 150 ሚሊ ሰከንድ፣ ቀድማችሁ የጫናችሁትን ይዞ መፈጸም በሚችልበት የመጀመሪያ ቅጽበት ይፈጽመዋል። ይህ ደግነት ጥርስ አለው። ደንግጣችሁ የጫናችሁት የማምለጫ ቁልፍ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ይፈጸማል፤ እናንተ ልትመቱ ስትሉ ገጸ ባሕርያችሁ ይሸሻል። ከሜሌ የመጡ ሰዎች ይህን ሲሳደቡበት ሰምቻለሁ፤ እኔም ተሳድቤበታለሁ።

በርቀት ሲጫወቱት ግን የሚጠብቀውን ስልት ነው የሚከተለው፤ ከላይ ያሰላነው ርቀት በሙሉ ጣታችሁ ላይ ያርፋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን እስከ 8 ሰው ያጫውታል፤ ስዊቹም መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ዋጋው ጨዋታው ብቻ ሲወጣ 60 ዶላር ገደማ ነበር፤ ማሽኑን ጨምሩበት። ከአራቱ ውዱ እሱ ነው።

ሪቫልስ ኦፍ ኤተር፦ መካከለኛው መንገድ

የመጀመሪያው ሪቫልስ በ2017 ወጣ። በዳን ፎርናስ የሚመራ ትንሽ ቡድን የሠራው ሲሆን ከሜሌ ዌቭዳሽንና ዳሽ ዳንስን ወስዶ ጣት የሚያደክመውን ትቶታል፤ በማረፊያ ጊዜ ቁልፍ መጫን የለም፣ ትእዛዝም ይይዛል። በአየር ምት ባላንጣን ሲነኩ ወዲያው ወደ ታች ፈጥኖ መውረድ ይቻላል፤ ከመታችሁ ቶሎ መሬት ትደርሳላችሁ፣ ከሳታችሁ አየር ላይ ትቆያላችሁ። ስህተትን የሚቀጣበት መንገዱ ይህ መሆኑን እወድለታለሁ፤ ቅጣቱ ጣት ስለዘገየ ሳይሆን ፍርድ ስለተሳሳተ ነው።

ጋሻ የለውም፣ መያዝና መወርወር የለውም፣ የመድረክ ጫፍ ይዞ መንጠልጠልም የለውም። በጋሻ ፈንታ ምትን በጊዜው ሰብሮ የመመለስ ስልት አለ፤ በጫፍ ፈንታ ሁሉም ገጸ ባሕርይ ግድግዳ ረግጦ ይዘልላል። በጋሻ መቆም ስለሌለ አቋቋም ሙሉ በሙሉ በእግር ነው፤ ይህ ለተማሪ ጥሩ ነው። ሥዕሉ በነጥብ የተሠራ ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል።

ሁለተኛው ሪቫልስ በጥቅምት 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር መጥቷል። ጋሻ፣ መያዝና ጫፍ ጨምሯል፣ ሮልባክም አለው። ነገር ግን ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ያ ያለው ሰው ምክሬን ብዙም አይሻም።

ብራውልሃላ፦ በአየር ላይ የሚቆመው

ብዙ ሰው ነጻ ስለሆነ ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። በ2017 በሙሉ ወጥቶ ከ2020 ጀምሮ በስልክም ይሠራል፤ የስልክ ተጫዋች ከኮምፒውተር ተጫዋች ጋር ይገጥማል። በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ገጸ ባሕርያትን ያለ ክፍያ ይሰጣል።

መሬት ላይ ማምለጫውና ውንጨፋው አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ከውንጨፋ ላይ የተነሣ ዝላይም አርቆ ይወስዳል። እንደ ሜሌ የሚንሸራተት ነገር አትጠብቁ። የእሱ ጥበብ ያለው በአየር ላይ ነው። አየር ላይ ሳላችሁ ያለ አቅጣጫ ስታመልጡ ገጸ ባሕርዩ ባለበት ለቅጽበት ይቆማል፤ በዚያች ቅጽበት መሬት ላይ ብቻ የሚመታውን ምት መምታት ይችላል። ምንም በሌለበት አየር ላይ የራሱን ወለል ያነጥፋል ማለት ነው። ተጫዋቾች "ግራቪቲ ካንስል" ይሉታል። ስለ አቋቋም የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ጨዋታ ላይ በሌላ መልክ ይመጣል፤ ሌሎቹ በመሬት ያቆማሉ፣ ይህ በሰማይ። ዋጋውም የተመጠነ ነው፤ አንዴ ያመለጠ ለጥቂት ጊዜ እንደገና ማምለጥ አይችልም፤ ባላንጣችሁም ያንን ይቆጥራል።

ጋሻ የለም። መሣሪያ መድረኩ ላይ ይወድቃል፣ ሮጦ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እግር ምት ከመምጣቱም በፊት ሥራ አለው። ሲመለሱ ግድግዳ ይዞ መዝለል ይቻላል፤ ከአራቱ ለጀማሪ ከውጭ መመለስ እዚህ የቀለለ ነው። ሮልባክ አለው። አቅጣጫውም ስምንት ብቻ ስለሆነ ኪቦርድ ምንም አያጎድልበትም። የስልክ መስታወት ግን ሌላ ነው፤ ጣት ቁልፉ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ይጫናል፣ ሳያውቅም ይስታል። በብሉቱዝ የሚሠራ ጆይስቲክ ካገኛችሁ ተጠቀሙ።

በነጻነቱ ግን አትታለሉ፤ ከአገልጋይ ኮምፒውተር ጋር የታሰረ ጨዋታ የባለቤቱ ሐሳብ ሲቀየር ያከትምለታል። መልቲቨርሰስ የሚባለው ነጻ ባለ መድረክ ፍልሚያ በግንቦት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር የርቀት ጨዋታው ተዘግቷል። የሜሌን ዲስክ ማንም መጥቶ አይዘጋውም።

| መመዘኛ | ሜሌ | አልቲሜት | ሪቫልስ (የመጀመሪያው) | ብራውልሃላ |
|---|---|---|---|---|
| አቋቋም | እጅግ ልቅ፤ በልምምድ ብቻ | ከሩጫ በቀጥታ መምታት | ልቅ፤ ከሜሌ የቀለለ | በአየር ላይ መቆም |
| የማረፊያ ዋጋ | በ7 ፍሬም ውስጥ ቁልፍ ካልተጫነ ከባድ | ቀላል | ለሳተ ይከብዳል | ቀላል |
| መመለሻ | ጠባብ፣ ጫፍ መያዝ | ሰፊ፣ ጫፍ መያዝ | በግድግዳ ዝላይ | ሰፊ፣ በግድግዳ |
| ኪቦርድ | ያጎድላል | በስዊች ጆይስቲክ ነው | ይሆናል | ተስማሚ |
| ከሩቅ ሰው ጋር | በስሊፒ ጥሩ | ከባድ | በአንድ ክፍል ይመረጣል | ጥሩ |
| ወጪ | ዲስክና ጆይስቲክ ማግኘት | ከሁሉ ውድ | አንድ ጊዜ መጠነኛ ክፍያ | ነጻ |

ለማን የትኛው?

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ብራውልሃላን ያውርድ፤ ሌላ የሚመረጥ የለም። አሮጌ ላፕቶፕና ኪቦርድ ያለው ሰው ለአንድ ወር ብራውልሃላን ይሞክር። ወሩ ሲያልቅ መሬት ላይ መመላለሱ ካማረውና አየሩ ካልሳበው የመጀመሪያውን ሪቫልስ ይግዛ፤ ለዚያም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው መለመን ሊኖርበት ነው።

ሳሎን ሙሉ እኅትና ወንድም ላለበት ቤት፣ ስዊች ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካለ፣ አልቲሜት። ትንሿ እኅት በመጀመሪያው ቀን ትዘልላለች፣ ትመታለች፣ ትስቃለች፤ ሜሌ ላይ ያን ቀን ታለቅሳለች። ባሕር ዳር ሆኖ ከውጭ ሰው ጋር ለመወዳደር ብቻ ግን አልቲሜትን አትግዙ፤ ገንዘቡ በርቀቱ ይበላል።

ሜሌ ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ክራር ለመማር ስድስት ወር ጣቱ እስኪላጥ የሚታገስ፣ በእያንዳንዱ ቀን የሚለማመደው አንዲት ነገር መኖሯ ደስ የሚለው። እንዲህ ያለው ሰው ጆይስቲክ ሳያገኝ አይጀምር። የእጅ አንጓው ቀድሞ የሚያመው ሰው ደግሞ ጨርሶ ይተወው፤ ሪቫልስ ውስጥ ጣዕሙን ያገኛል።

የትኛውንም ከመምረጣችሁ በፊት የአሥር ደቂቃ ፈተና አድርጉ። ባዶ መድረክ ላይ ግቡና ወደ ጫፉ ሩጡ፤ ጫፉ ላይ ሳትወድቁ ለመቆም ሞክሩ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ ወደ መሐል ሩጡና በግማሽ ዙሩ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ ዘልላችሁ እየመታችሁ እረፉ፣ ወዲያውም እንደገና ዝለሉ። ዝላዩ ካሰባችሁበት ጊዜ ዘግይቶ ሲመጣ እየቆጠራችሁ ጻፉ። የምትመርጡት ጨዋታ ቁጥሩ ያነሰበት ነው።

የኪቦርድ ተጫዋቾች ግን ከዚያም በፊት አንድ ነገር ፈትሹ። ርካሽ ኪቦርዶች ሦስት ቁልፍ አብረው ሲጫኑ አንዱን ይውጣሉ። ማንኛውንም ጽሑፍ መጻፊያ ከፍታችሁ ለጨዋታ የመረጣችኋቸውን ሦስት የፊደል ቁልፎች በአንድ ጊዜ ጫኑ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ከተጻፈ ችግሩ የጣታችሁ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የግራው፣ የታቹና የዝላዩ ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ዝላዩ ይጠፋ ነበር። ጫፉ አጠገብ ዌቭዳሽ ሊያደርግ ያሰበው ሁሉ ሩጫ ብቻ ሆኖ ይቀርና ይዞት ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ጣቱን ሲወቅስ ኖሯል። ዝላዩን ወደ ረጅሙ የክፍተት ቁልፍ አዛወርንለት፣ ጨዋታውንም ወደ ብራውልሃላ ቀየረ። ውጤቱ ወጥቶ ወደ ዳንግላ ሲመለስ የክፍተቱ ቁልፍ በአንድ ጎኑ መንገዳገድ ጀምሮ ነበር።